ለእናትሽ የማስታወስ ፈተና ውጤት

እህቴ፣ የዘጌዋ እናትሽ ባሕር ዳር ተመርምረው ከ30 ነጥብ 17 ማግኘታቸውን ጠቅሰሽ «ይህ የመርሳት በሽታ ነው ማለት ነው?» ብለሻል። በቁጥሩ ብቻ እንዲህ ማለት አይቻልም።

የገለጽሽው እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን ሚኒ ሜንታል የተባለ መመዘኛ ይመስላል። በእሱ ከ24 በታች ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይጠረጠራል። ነገር ግን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማሳየትን፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድን፣ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን መሳልን ይጠይቃል። እንዳልሽው ፊደል ያልቆጠሩ እናት እርሳሱን ጨብጠው ቅርጹን ቢያጣምሙት፣ የተለካው ትምህርት ነው እንጂ ትዝታ አይደለም። ቀኑን ሲጠየቁም «ዛሬ ሚካኤል ነው» ብለው ይሆናል፤ ወር በገባ በ12 ከሆነ ትክክል ናቸው፣ መርማሪው ካልገባው ግን ነጥቡ ቀረ።

እኔ ከውጤቱ ይልቅ ቤት ውስጥ ያለውን አምናለሁ። ቡና ሲሸጡ ሂሳብ ይምታታባቸዋል? የለመዱት መንገድ ይጠፋቸዋል? አንድን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ? ይህ በቅርብ ዓመታት የመጣ ለውጥ ከሆነ «አልተማሩም» ብሎ ማለፍም ስህተት ነው።

ስትመለሱ ነጥቡ የጎደለው የት የት እንደሆነ በዝርዝር ጠይቂ። በፈተናው መሃል የሚነገሯቸውን ሦስት ቃላት ቆይተው ማስታወስ ካቃታቸው ከሥዕሉ ይልቅ ያ ያሳስባል። የጆሮ፣ የድባቴ፣ የእንቅርት ሆርሞንና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ይደረግላቸው፤ በእነዚህ ላይ ያሉ ችግሮች ሁሉ ውጤቱን ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ አብዛኞቹም ይታከማሉ።