ሎግያ ለቀን ሥራ ልውረድ ወይ? ላልከኝ ወንድሜ

ከደሴ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜህ 23 ነው። በቴክኒክና ሙያ በመንገድ ሥራ ደረጃ 3 ጨርሰሃል፣ የሙያ ብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲ) አልፈሃል፣ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አጥተህ ቤት ቁጭ ብለሃል። አሁን የአጎትህ ልጅ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ከሎግያ ወዲያ ያለ የመንገድ ሳይት ላይ የቀን ሥራ አግኝቶልሃል። ግንቦት መግቢያ ላይ ና ብሎሃል። እናትህ ደግሞ "ልጄን ለበረሃ አልሰጥም" ብለው ተቆጥተዋል። ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ሙቀቱን እችለዋለሁ ወይ፣ የቀን ሥራ ልምድ ሆኖ ይያዝልኛል ወይ ነው ያልከኝ።

መሄድህን አልቃወምም። የምቃወመው አካሄድህን ነው። ስለ ቀን ክፍያው ሦስት መስመር ጽፈሃል፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን አንድ ቃል የለም። ከብሩ በፊት መደራደር ያለብህ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው።

እኔም በ24 ዓመቴ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ እዚያው አፋር፣ ሚሌ አካባቢ አንድ ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን እስካሁን አይረሳኝም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፌሮ አንሳ አሉኝ፣ ጓንት አልነበረኝም፣ ብረቱ ከምጣድ እንደወረደ ነገር ነው፣ መዳፌ ላይ መስመር ሠርቶ ቀረ። ፀሐይ ላይ የዋለው ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረውም፣ እሱን ደግሞ ማንም መጠጣት አልፈለገም። አብሮኝ የመጣ የደጋ ልጅ ነበር። ጠንካራ ልጅ ነው፣ ከኔ በእጥፍ ይሠራ ነበር። 7 ሰዓት ገደማ ላይ "ብርድ ልብሴን ማን ወሰደው?" ማለት ጀመረ። ሳቅንበት፣ ቀልድ መስሎን። ካቦው "ሲጠጣ አድሮ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ አካፋውን እንደያዘ ወደቀ። ቆዳው እሳት ነበር። ያዳነው የውሃ ቦቴው ሹፌር ነው። ማንንም ሳይጠይቅ መኪናውን አጠገቡ አቆመ፣ አፈሩን የሚያርስበትን ውሃ ከፈተና ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ አራሰው፣ ጥላ ውስጥ አስገብቶ በካርቶን ያራግብለት ጀመር። ክሊኒክ የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ተረፈ።

ያ ልጅ ደካማ ስለሆነ አይደለም የወደቀው። ሰውነቱ ገና ደጋ ነበር። አንተ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለች ከተማ፣ ከቦሩ ሜዳ ብርድ ተነስተህ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርገህ በግማሽ ቀን ከ500 ሜትር በታች ትወርዳለህ። መኪናው በግማሽ ቀን ያወርድሃል፣ ሰውነትህ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በነዚያ ቀናት ቶሎና ብዙ ማላብ ይለምዳል፣ ከላብህ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልብህም በዚያው ሥራ የመጀመሪያውን ቀን ያህል በፍጥነት መምታቷን ትተዋለች። ይህ በወኔ የሚመጣ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሥራ ደህንነትን የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሚለው ደጅ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት ሠራተኞች ከግማሽ የማያንሱት የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። እዚያ የሚመከረው ምክር ቀላል ነው፦ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሙሉ ሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ ይሥራ፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ አምስተኛ ይጨመርለት። ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ቀን ከባድ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው ማለት ነው። ደግሞ አንዴ ለመድኩ ብለህ አትዘናጋ። ለአረፋ ወይም ለገና ደሴ ሁለት ሳምንት ከርመህ ስትመለስ፣ የለመድከው ነገር ጉልህ ክፍሉ ጠፍቶ ነው የምትገባው።

እንግዲህ ፎርማኑን ምን ትለዋለህ? አትፍራ፣ በቀጥታ ንገረው። "ጋሼ፣ ከደጋ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያውን ሳምንት ረፋድ ላይ ቀለል ያለ ሥራ ላይ ያድርጉኝ፣ ከዚያ በኋላ ከማንም እኩል እሠራለሁ።" በቃ። ከሰርቬየሩ (ከቀያሹ) ጋር ዘንግ መያዝ፣ ስቶር ማገዝ፣ የሰዓት ተቆጣጣሪውን ደብተር መያዝ፣ ሳይት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አይጠፋም። ደህና ፎርማን ይገባዋል፣ ምክንያቱም የወደቀ ሠራተኛ ለሱም ጣጣ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቁርጥ፣ ማለትም በሰዓት ሳይሆን በሠራኸው መጠን እየተከፈለህ፣ እንዳትሠራ። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ውሃ ለመጠጣት የሚቆምባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከኪሱ የምትወጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አይቆምም።

የሥራ ሰዓቱንም ከመሄድህ በፊት ጠይቅ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሠርተው፣ እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ውለው፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ተኩል የሚመለሱ ከሆነ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ አድርገው የሚያሠሩ ከሆነ ግንቦት ላይ አትሂድባቸው፣ ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ሲበርድ ሂድ። የአካባቢውን ሰው እየው። አፋሩ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ለዘመናት በረሃው ውስጥ የኖረ ሰው በዚያ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ አንተ ምን ቤት ነህ?

ደላላ ስለ ሳዑዲ እያነጋገረህ መሆኑንም በጨረፍታ ጠቅሰሃል። ሙቀቱን ሸሽተህ ወደዚያ እንዳታስብ። እዚያም ያው ፀሐይ ነው፣ ግን ቢያንስ በሕግ የተከለከለ ሰዓት አላቸው። ሳዑዲ በፈረንጆቹ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ይከለክላል። ኳታር ከ2021 ጀምሮ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል አድርጋዋለች። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ እንዲህ ያለ የሙቀት ሰዓት አልወሰነም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሎግያም ሪያድም ላይ የሚያልበው ያው ልጃችን ነው።

አዋጁ ግን ባዶ አይደለም፣ እወቀው። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ቀን ላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። የጽሑፍ ውል ካልሰጡህ በ15 ቀን ውስጥ የሥራህን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጡህ ይገባል። ጤናህን የሚያሰጋ የቀረበ አደጋ እንዳለ ተነግሮት ዝም ያለን አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ትተህ መሄድ ትችላለህ። የበረሃ አበል የሚባል ነገርም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል፣ የግል ድርጅት ግን ካልጠየቅኸው አያነሳልህም። ጠይቅ። እምቢ ቢሉህ ምንም አይጎድልብህም።

አሁን ወደ ሰውነትህ ልመለስ። ውሃ እስኪጠማህ አትጠብቅ። በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ጠጣ፣ ግን በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አትለፍ፣ የበዛ ውሃም ይጎዳል። ምግብ አትዝለል፣ ጨውህን የምታገኘው ከእሱ ነው። ብዙ ያላበህ ቀን ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ገዝተህ በጥብጥ። የአፋር አየር ደረቅ ነው፣ ላብህ ሳታየው ይተናል፣ ስለዚህ "አላላበኝም" ብለህ አትታለል። ሽንትህን ተመልከት፦ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ዘግይተሃል። ጀሪካንህን በጆንያ ጠቅልለህ ጆንያውን አርሰው፣ ነፋስ ሲመታው ውሃው ይቀዘቅዛል። እጅጌ ሙሉ ሰፊ የጥጥ ሸሚዝ ልበስ፣ ራስህን በሻሽ ጠምጥም። ማታ አጎበር አይለይህ፣ ወባ አለ።

ጫት ላይ ግን ጠንከር ልበል። ሳይት ላይ ሁሉም ይቅማል፣ ድካምን ያስረሳል ይሉሃል። ችግሩም እሱ ነው። ድካምና ረሃብን ያስረሳሃል፣ የልብ ምትህንና የሰውነትህን ሙቀት ደግሞ ይጨምራል። ሰውነትህ "አቁም" ሲልህ እንዳትሰማው ያደርግሃል። ወገቤን አመመኝ ብሎ በየቀኑ ዲክሎፌናክ መዋጥም እንደዚሁ፣ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ኒካራጓና ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡ ወጣቶች፣ ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው፣ በኩላሊት በሽታ ረግፈዋል። ዋና ምክንያት ተብሎ የሚጠረጠረው ሙቀት ውስጥ ውሃ አጥቶ በየቀኑ መድከም ነው። ጥላ፣ ውሃና ዕረፍት በሥርዓት ሲሰጣቸው ጉዳቱ ቀንሷል።

ጓደኛህ አንድ ቀን ግራ የገባው ነገር ማውራት ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ፣ ሰውነቱ ከጋለ፣ አትሳቅበት። እኔ ስቄ ነበር። ጥላ አስገባው፣ ልብሱን አውልቅለት፣ ባገኘኸው ውሃ ሁሉ አርሰው፣ አራግብለት፣ መኪና ጥራ። መኪና እስኪመጣ ብለህ ማቀዝቀዙን እንዳታዘገይ። ራሱን ከሳተ ውሃ አታጠጣው።

ልምዱስ? ይያዝልሃል፣ ግን በራሱ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ተብለህ ገብተህ የቀን ሠራተኛ ተብለህ ከወጣህ ወረቀቱ ለደረጃ 3ህ ምንም አይጨምርለትም። አሠሪው ስትለቅ የሥራህን ዓይነት፣ የቆየህበትን ጊዜና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። "የሥራ ዓይነት" የምትለዋ ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን አንተ ነህ ከወዲሁ የምታዘጋጀው። ትንሽ ደብተር ግዛ፣ በፌስታል ጠቅልለህ ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ላብ ይበላዋል። ማታ ማታ የዋልክበትን ጻፍ፦ የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ የትኛው ካልቨርት (ከመንገድ ሥር ያለ የውሃ መተላለፊያ)፣ ስንት ኪዩብ አርማታ፣ ማን አለቃህ ነበር። ከሰርቬየሩና ከላብራቶሪ ቴክኒሺያኑ ጋር ተግባባ፣ ሳምፕል ተሸከምላቸው፣ ጠይቃቸው። ሦስት ወር ሲሞላህ ደብተርህንና ሲኦሲህን ይዘህ ወደ ሳይት መሐንዲሱ ግባና በሙያህ መደብ እንዲያዛውርህ ጠይቀው። እንዲህ አድርገው ከአካፋ ወደ ሙያቸው የተሻገሩ ልጆች አውቃለሁ። ስድስት ወር ሞልቶህ አሁንም አካፋ ላይ ካለህ ሌላ ፈልግ።

እናትህን አትሸሻቸው። ቁጭ በልና የሥራ ሰዓቱን፣ ጥላና ውሃ መኖሩን፣ ቅርቡ ክሊኒክ የት እንደሆነ ንገራቸው። አንተ ራስህ የማታውቀው ከሆነ ደግሞ ገና ለመሄድ አልተዘጋጀህም፣ ዛሬውኑ ለአጎትህ ልጅ ደውልና እነዚህን ጠይቀው። ሳይቱ ላይ ዳስ አለ ወይ? ውሃው በቀን ስንቴ ይመጣል? እኩለ ቀን ላይ ምን ትሠራላችሁ? ቅርቡ ክሊኒክስ የት ነው? የሚመልስልህን ጻፍልኝ፣ ውል ካለም ሳትፈርም በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።