የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለቤዝ ተጫዋች ይህን ያህል ይታዘናል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ለንደን ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። በወጣትነቱ እዚያ የለመደው «የስ» የሚባል የእንግሊዝ ባንድ አለ፤ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ክሪስ ስኳየር ካረፈ ወዲህ ግን ነገሩ ከመውደድ አልፏል። በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ ስደውልለት የድሮ ሸክላዎቹን ሲያዳምጥ አገኘዋለሁ፤ ድምፁም የሐዘንተኛ ነው። ዘፋኙ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። ከኋላ ቆሞ ጊታር ለሚመታ፣ ያውም በአካል ለማያውቀው ሰው፣ ይህን ያህል ማዘን የጤና ነውን? ምንስ ብዬ ላጽናናው?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይከበሩ ወ/ሮ ሰ.፣ ከኋላ ቆሞ የሚመታ ያሉት በአብዛኞቹ ባንዶች እውነት ነው፤ በዚህኛው ግን አይደለም። በተለመደው አሠራር ቤዝ ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ምቱን ይይዛል፣ አድማጩም ሲጎድል እንጂ ሲኖር አያስተውለውም። ስኳየር ግን ቤዙን እንደ ሊድ ጊታር (ዜማውን እንደሚመራው ጊታር) ከፊት አወጣው። ብዙ ቤዝ ተጫዋቾች ክሩን በጣት ሲነኩ እርሱ በፒክ (በትንሽ የክር መምቻ) አጥብቆ ይመታ ነበር፤ የጊታሩን ድምፅም ለሁለት ከፍሎ ወፍራሙን ወደ ቤዝ ማጉያ፣ ቀጭኑን ደግሞ ሻከር አድርጎ ወደ ሊድ ጊታር ማጉያ ይልከው ስለነበር፣ የሚሰማው ነገር በአንድ ጊዜ የሚያጉረመርምም የሚጮህም ነበር። ያ ጊታር በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ የገዛው ሪከንባከር የተባለ ጊታር ሲሆን፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መለያው ሆኖ ቆይቷል።

ወንድምዎ የሚሰሙትን ለመስማት ከፈለጉ በ1971 በወጣው «ፍራጃይል» አልበም ውስጥ ያለውን «ራውንድአባውት» ይክፈቱ። መጀመሪያ ብቻውን የሚሰማው ለስላሳ ጊታር እንዳበቃ ቤዙ ሲገባ፣ ዜማውን የሚመራው ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግርዎ ይለዩታል። በዚያው አልበም «ፊሽ» (ዓሣ) በሚል ቅጽል ስሙ የተሰየመ አጭር ሥራ አለ፤ ከድራሙና ከድምፃውያኑ በቀር የሚሰሙት ዜማና ምት ሁሉ በተለያየ የቤዝ ድምፅ የተሠራ ነው። (ቅጽል ስሙ የወጣለት ባንዱ ተራውን እየጠበቀ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቶሎ ስለማይወጣ ነው ይባላል፤ አድናቂዎቹ ይህንን ሳይስቁ አያወሩትም።) ሰውየው ያደገው በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በኪንግስበሪ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበርና፣ ከዘፋኙ ከጆን አንደርሰን ጋር ተደርቦ የሚሰማው ሁለተኛው ድምፅም የእርሱ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ያጡት አንድ የጊታር ድምፅ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስኳየርና አንደርሰን በ1968 ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚገኝ አንድ ክበብ ተዋውቀው ባንዱን መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙን ጨምሮ ሌሎቹ ሁሉ በየጊዜው ወጡ፣ ገቡ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በወጡት የባንዱ የስቱዲዮ አልበሞች በሙሉ የተጫወተው እርሱ ብቻ ነው። አድናቂዎች ባንዱ እንዲህ ሲበታተን ባዩ ቁጥር «ስኳየር እስካለ ድረስ» እያሉ ይጽናኑ ነበር። በግንቦት 2015 አጣዳፊ የደም ካንሰር እንደያዘውና ለሕክምና ሲል የበጋውን የሙዚቃ ጉዞ እንደማይሳተፍ ተነገረ፤ ሰዉም ይመለሳል ብሎ ሲጠብቅ፣ ወር አልፎት ብዙ ሳይቆይ፣ ጁን 27 ቀን 2015 (በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.) በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ በ67 ዓመቱ አረፈ። ድንጋጤው ሐዘኑን አበረታው።

በአካል ለማያውቁት ሰው ማዘን የጤና ነው ወይ ላሉት፣ በእኔ አስተያየት ነው። እኛ ለቅሶ የምንደርሰው ለዘመድና ለጎረቤት ስለሆነ ይህ እንግዳ ይመስለናል እንጂ፣ ወንድምዎ በስደት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ከዚያ ድምፅ ጋር ነው፤ የሚያዝኑለትም የራሳቸው ዘመን ጭምር ይመስለኛል። በሰኔ የሚያደርጉት ሙት ዓመት ማውጣት ነው፤ ድግሱ ሸክላ ሆነ እንጂ። ከሥራ የሚያስቀር፣ ከሰው የሚያርቅ ወይም ወሩን ሙሉ የማይለቃቸው ከሆነ ግን ጉዳዩ ከሙዚቃው በላይ ነውና ሐኪም እንዲያዩ ይምከሯቸው። ካልሆነ «ተው እንጂ፣ ለጊታር መቺ!» አይበሏቸው። በሚቀጥለው ሰኔ ሲደውሉ የትኛውን ዘፈን እንደሚሰሙ ይጠይቋቸውና ስልኩን ወደ ማጫወቻው አስጠግተው አንዱን ያሰሙዎት። ለቅሶ መድረስ ማለት በዚህ ጉዳይ አብሮ ማዳመጥ ነው፤ የመጽናኛ ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ባንዱ ያለ እርሱ መቀጠሉ ሐዘንተኞቹን ማቃለል አይሆንም?
አቶ መ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ቅር የተሰኙ አሉ፤ እኔ ግን በባንዱ አልፈርድም፣ ምክንያቱም ቀድሞ የባንዱ አባል የነበረው ቢሊ ሸርዉድ ቦታውን እንዲይዝ የፈለገው ራሱ ስኳየር ነበር። ነሐሴ 2015 ባንዱ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ያለ እርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት በእርሱ የተደረሰው «ኦንዋርድ» ከቅጂ ተሰማ፤ መብራቱም ሰው ባልያዘው ነጭ ሪከንባከር ላይ ብቻ አረፈ። አዳራሹን የሞሉት ሰዎች ያንን ማቃለል ብለው አልወሰዱትም። በ2017 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባም «ራውንድአባውት»ን በስኳየር ቦታ የተጫወተው የ«ራሽ» ባንዱ ጌዲ ሊ ነበር፤ እርሱም በልጅነቱ ስኳየርን እየሰማ ቤዝ የተማረ ሰው ነው።