«አክሰንት ያላቸው ፊደላት» ወይስ «ባለምልክት ፊደላት»? ፋይሉስ ለምን ተበላሸ?

ጥያቄ፦ የቃላት መፍቻ እያዘጋጀሁ ነው። የሚጠብቁትን ፊደላት ለመለየት በላያቸው ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። በኖትፓድ የጻፍኩትን ፋይል ባልደረባዬ በወርድ ሲከፍቱት ገጹ በሙሉ ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ሆነባቸው። «ወርድ አክሰንት ያላቸውን ፊደላት አይወድም፤ ነጥቦቹን አጥፋቸው፤ ለአማርኛ አንባቢ እንደሆነ አያስፈልጉትም» አሉኝ። ጥፋቱ በእርግጥ የነጥቦቹ ነው? ደግሞስ በአማርኛ «አክሰንት ያላቸው ፊደላት» ማለት ትክክል ነው?

መልስ፦ ነጥቦቹን አያጥፏቸው። አንድም ነጥብ የሌለበት የአማርኛ ጽሑፍ በዚያው መንገድ ቢከፈት ያው ይደርስበታል።

ቴክስት ፋይል የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮችን ነው፤ ባይት የምንላቸውን። ቁጥሮቹ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚነበቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አይጻፍም። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ሠንጠረዥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አማርኛ የሚጠቀምባቸው ፊደላት እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። «አ» ለምሳሌ 225፣ 138፣ 160 ናት። ወርድ ፋይሉን በምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ፣ በዊንዶውስ-1252፣ ካነበበው እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። በዚያ ሠንጠረዥ ደግሞ 225 በራሷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ ናት። ስለዚህ ባለ አራት ፊደሉ «አማርኛ» አሥራ ሁለት ምልክት ይሆናል፤ በየሦስቱም ባለጭረት ኤ ትመራለች። ባልደረባዎ ያዩት «አክሰንት» የያንዳንዱ ፊደል መነሻ ባይት ነበር፤ ከእርስዎ ነጥብ ጋር አይገናኝም።

ይህን ያወቀ ሰው የተበላሸውን ገጽ አይቶ የምን ቋንቋ እንደነበር መገመት ይችላል። ባለጭረት ኤ በየሦስቱ ከተደጋገመች የግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። በላይዋ ሞገድ ያለባት ትልቋ ኤ፣ ማለትም 195፣ ከተደጋገመች እንደ ፈረንሳይኛ ያለ ባለምልክት የላቲን ጽሑፍ ነው። የማባዣ ምልክት፣ ማለትም 215፣ ከበዛ ዕብራይስጥ ነው።

መድኃኒቱ ለወርድ ሠንጠረዡን መንገር ነው። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ብለው ይግቡና ወደ ታች ወርደው «ጄኔራል» በሚለው ክፍል ውስጥ «ኮንፈርም ፋይል ፎርማት ኮንቨርዥን ኦን ኦፕን» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ፋይሉን ሲከፍቱ ወርድ ዓይነቱን ይጠይቅዎታል፤ «ኢንኮድድ ቴክስት» ይበሉት። በሚቀጥለው መስኮት «አዘር ኢንኮዲንግ»ን መርጠው ከዝርዝሩ «ዩኒኮድ (ዩቲኤፍ-8)» የሚለውን ይንኩ። ከታች ያለው የቅድመ እይታ ሳጥን አማርኛ ካሳየ ብቻ «ኦኬ» ይበሉ። በሊብሬኦፊስ መንገዱ አጭር ነው፤ በመክፈቻው መስኮት የፋይሉን ዓይነት «ቴክስት - ቹዝ ኢንኮዲንግ» ማድረግ ይበቃል።

ከምንጩ ለማቃናት ደግሞ ኖትፓድ ላይ «ሴቭ አዝ» ሲሉ «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» የሚለውን ይምረጡ። ይህ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሦስት ባይቶችን ያስቀምጣል፤ ወርድም እነሱን አይቶ ሳይጠይቅ በትክክል ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ኖትፓድ ካልነገሩት በስተቀር የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8ን ነው፤ ይህን መለያ ግን አይጨምርበትም። ከዚያ በፊት የነበረው ልማዱ አንሲ፣ ማለትም የግዕዝ ፊደል የሌለበት የቀድሞው የዊንዶውስ ሠንጠረዥ፣ ነበር። በአንሲ የተቀመጠ አማርኛ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ፊደሉ ከፋይሉ ጠፍቷልና ምንም ዓይነት ሠንጠረዥ አይመልሰውም። ባዶ ሳጥን ካዩ ግን አይደንግጡ፤ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው።

ባልደረባዎን አንድ ነገር አስጠንቅቋቸው፦ የተበላሸውን ገጽ «ላጽዳው» ብለው እንዳያስቀምጡት። «አ» ሦስተኛ ባይቷ 160 ነው፤ ይህም በምዕራቡ ሠንጠረዥ የማይሰበር ባዶ ቦታ ስለሆነ ጽዳት ወደ ተራ ባዶ ቦታ ይለውጠዋል። የ«ር» ሦስተኛ ባይት 173 የማይታይ ሰረዝ ነው፤ ሲጠፋ እንኳ ዓይን አያየውም። የ«ም» 157 በዚያ ሠንጠረዥ ምንም ፊደል ያልተሰጠው ቁጥር በመሆኑ አንዳንድ ፕሮግራም ይጥለዋል። እንዲሁም ሁለተኛ ባይታቸው 141 የሆነ ሁሉ ለተመሳሳይ አደጋ የተጋለጡ ናቸው፤ እነሱም ፀ፣ ፈ፣ ፐ ከነቤተሰቦቻቸው፣ ሥርዓተ ነጥቦቻችን በሙሉ፣ የጥብቀት ምልክቱም (የሚጠብቅ ፊደል ላይ የሚጫነው ሁለት ነጥብ) ጭምር ናቸው። (ጸሎቱ «ጸ» ግን 140 በመሆኑ ይተርፋል። ጸንና ፀን መለየት ከንቱ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህችን ማስታወሻ አኖራለሁ።) ማንም ሳይነካው በወርድ ፋይልነት ብቻ ተቀምጦ ከሆነ ግን ተስፋ አለ፤ «ፕሌን ቴክስት» አድርገው በዊንዶውስ-1252 መልሰው ያስቀምጡና ያንኑ በዩቲኤፍ-8 ይክፈቱት።

ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ሌላ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፎንት ሠሪዎች ከ256 ቦታ የማይገባውን ሆሄ በላቲን ቦታዎች ላይ አስቀምጠው፣ አንዳንዶቹም በብዙ ፎንት ከፋፍለው ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰነድ ወደ ቴክስት ፋይል ከለወጡት የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ ከሱም ጋር የሚነበብበት ቁልፍ። ዋናውን ሰነድ ይዘው በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያሻግሩት።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። የጥብቀት ምልክት በዩኒኮድ የራሱ ቦታ አለው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በ4.1 እትም ገብቷል። ወርድ ላይ ከሚጠብቀው ፊደል ቀጥለው 135 ብለው የላቲኗን ኤፍ ያስከትሉና አልትና ኤክስን በአንድነት ይጫኑ፤ ዋና፟፣ ገና፟ ብሎ ይወጣል። ብዙ ሰው ግን ለጀርመንኛ አናባቢ የሚያገለግለውን የላቲን ሁለት ነጥብ ይጭንበታል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ በአንዱ የተጻፈውን ቃል በሌላው ቢፈልጉት አይገኝም፤ የፊደል ቅደም ተከተሉም ይፋለሳል። ለማረም በ«ፋይንድ» ሳጥን ውስጥ የጣሪያ ምልክት (^)፣ ትንሿን የላቲን ዩ እና 776ን አያይዘው ይጻፉ፤ በ«ሪፕሌስ» ሳጥን ውስጥ ትክክለኛውን ምልክት ለጥፈው ሁሉንም ይቀይሩ።

«ለአማርኛ አንባቢ አያስፈልጉትም» የሚለውን አስተያየት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ለጋዜጣ እውነት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ይመራል። መፍቻ ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ነው የሚቆመው። «ዋና» የሚዋኝበት ነው ወይስ ዋነኛው? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለው? ከሁሉ የሚገርመኝ ራሱ «ይጠብቃል» ነው። «ይህ ፊደል ይጠብቃል» ስንል ብ ይላላል፤ «ዘበኛው በሩን ይጠብ፟ቃል» ስንል ግን ብ ይጠብቃል። ከመጀመሪያው ጥብቅ፣ ጥብቆ፣ ማጥበቂያ ይወጣሉ፤ ከሁለተኛው ጠባቂ፣ ጥበቃ፣ ጠበቃ። እኔ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ይመስሉኛል፤ የያዙትን አጥብቆ መያዝ መጠበቅ ነውና። ርባታቸው የተለያየ ነው ብሎ የሚሞግተኝ ሰው በእጁ ማስረጃ እንዳለው አውቃለሁ፤ ልቤ ግን ወደ አንዱ ግንድ ያዘነብላል። የሆነ ሆኖ በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን ከመጽሐፍ የሚማር ልጅ ይህን ልዩነት ከየት ያመጣዋል? ከምልክቱ ካልሆነ ከየትም።

ስለ ስያሜው፦ «አክሰንት» በአማርኛችን የአነጋገር ቃና ሆኗል፤ «አክሰንት አለው» ስንል ስለ ሰው አንደበት ነው የምንናገረው። ስለዚህ «አክሰንት ያለው ፊደል» ያሳስታል። «ምልክት የሚለው ቃል እጅግ ሰፊ ነው፤ የመንገድ ምልክትም አለ» የሚሉ አሉ። እነሱ የዘነጉት በፊደል ራስ ላይ ምልክት መጫን ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ነው። የዜማ ሊቃውንት ከግዕዙ ንባብ በላይ የሚጽፏቸውን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቍርጥ «የዜማ ምልክት» ሲሏቸው ኖረዋል። ቃሉ ከ«አመለከተ» የመጣ ነው፤ «ተመለከተ»ም ወንድሙ ነው። ፊደሉን እንዴት እንደምንለው እንድንመለከት የሚያደርግ ነገር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። «ባለምልክት ፊደል» ይበሉ። የፈረንሳይኛውን ዘንበል ያለ ሰረዝ ደግሞ «ጭረት» ብለን ብንጠራው ከቤታችን የወጣ ስም ነው፤ ከ«ጫረ»። (የዜማ ምልክቶቹም በ2005ቱ እትም ውስጥ ገብተዋል፤ ነገር ግን ራሳቸውን ችለው እንዲቆሙ ስለተመዘገቡ እንደ ጥብቀት ምልክቱ ፊደል ላይ አይወጡም።)

ለነጥቦቹ የምመርጠው ስም «ነቁጥ» ነበር። ነጥብ ከ«ነጠበ» ነው፤ ጠብ ያለ ነገር፤ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ከመስመሩ ላይ ስለሚያርፉ ተስማምቷቸዋል። ነቁጥ ግን የግዕዝ ቃል ነው፤ የዐረብኛው ኑቅጣም ዘመዱ ነው፤ ዐረቦቹም ከፊደላቸው በላይና በታች የሚያደርጉትን በዚያው ይጠሩታል። «ሁለት ነጥብ» ብለው ቢጽፉ አንባቢዎ ፡ ይሁን ይህኛው ሊጠራጠር ይችላል። ሆኖም ዛሬ ነቁጥ የሚል ሰው ከጥቂት የግዕዝ ተማሪዎች በቀር አላገኝም፤ ትምህርት ቤቱም ማተሚያ ቤቱም ነጥብ ብሏል። በመፍቻዎ መግቢያ ላይ «ከፊደሉ በላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች መጥበቁን ያሳያሉ» ብለው ቢጽፉ፣ ደስ ባይለኝም፣ ስህተት ነው አልልዎትም።