ሃርድ ዲስክ «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል

ጥያቄ፦ መብራት ድንገት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ የቤቴ ኮምፒዩተር ይንቀራፈፋል፤ ከውስጡም «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የልጆቼ የክርስትና ፎቶዎች ያሉት እዚያው ላይ ብቻ ነው። ምን ላድርግ? አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ዲስኩ አሁንም የሚከፈት ከሆነ ከምርመራው በፊት ፎቶዎቹን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ይህ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መረጃ አንባቢው ሄድ ቦታውን ስቶ ደጋግሞ ሲሞክር ስለሆነ፣ ዲስኩ በማንኛውም ሰዓት ሊቆም ይችላል። ጨርሶ ካልተከፈተ አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡ እንጂ እባክዎ ክዳኑን አይፍቱ፤ ፎርማትም አያድርጉት።

ከዚያ በኋላ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን «ስማርት» የተባለ መረጃ ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ይመልከቱ። ከዝርዝሩ ውስጥ የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትናንሽ የመረጃ ክፍሎች) የሚቆጥረው ቁጥር 5 ወይም ለማንበብ ያስቸገሩትን የሚቆጥረው 197 እየጨመረ ከሄደ ዲስኩን ይቀይሩ፤ የጨመረው 199 ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የኬብሉ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይለውጡ።

ለወደፊቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይግዙ። ከፍታም ሌላው ጉዳይ ነው፤ ሄዱ በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራና ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ብዙ ዲስኮች የተፈቀደላቸው ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ብትሆንም፣ እንደ መንዝ ጓሳ ባሉ ደጋዎች ለሚኖሩ ግን ኤስኤስዲ (ሄድም ሆነ ሌላ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው የመረጃ ማስቀመጫ) እንዲመርጡ አጥብቀን እንመክራለን።