መልስ፦ እህቴ ፓይለት መሆን ትፈልጋለች፣ እንዴት ልርዳት?

ታናሽ እህትህ 11ኛ ክፍል ናት፣ ፓይለት መሆን ትፈልጋለች፣ ቤተሰብ ግን «ለሴት ይከብዳል» ይላታል ብለሃል። ወንድሜ፣ መጀመሪያ የካፒቴን አምሳለ ጓሉን ታሪክ አንብብላት። ሥነ ሕንፃ ተምራ ነው ወደ በረራ የገባችው። በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴቶች ብቻ የሠሩበትን የአዲስ አበባ–ባንኮክ በረራ መራች። ይህን ለእናታችሁም ንገራቸው። ዋናው እሱ ነው።

ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ትበርታ፤ እንግሊዝኛም። ግን ጊዜ ከሌላት ምክር ብቻ ምን ያደርግላታል? ማታ እሷ ሰሃን ስታጥብ አንተ የምታጠና ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተቀያየሩ።

ደግሞ አቪዬሽን ማለት ፓይለት ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ናት። መጀመሪያ የሰጧት ቱታ በወንድ ልክ የተሰፋ ነበር። እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ነው ሥራ የጀመረችው። ዛሬ አዲስ ሴት ሠልጣኝ ስትመጣ፣ ቀድማ የቱታ ልኳን የምትጠይቃት እሷ ናት። እህትህ እንዲህ ያለ ሰው ብታገኝ በጣም ይጠቅማታል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አገናኛቸዋለሁ።