«መቀርቀሪያው ሲንቋቋ እጄ ይንቀጠቀጣል»፦ የልጅነት በደልና የአእምሮ ጤና

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው። የተወለድኩት ዘጌ ሲሆን፣ 7 ዓመት ሲሞላኝ «ትማር» ተብዬ ባሕር ዳር ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ገባሁ። አባወራው ማታ ማታ ሲመጣ ምክንያት እየፈለገ በቀበቶ ይገርፈኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜም በርበሬ አጥኖኛል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ደግ ባልና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለኝ፤ ነገር ግን ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ የቆርቆሮው በር መቀርቀሪያ ሲንቋቋ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አይዞርም፣ ሰው መሀል ተቀምጬም ባይተዋርነት ይሰማኛል። በቅርቡ ልጄ ወተት ስትደፋ ሳላስበው እጄን አነሣሁ። አልመታኋትም፤ እሷ ግን ልክ እኔ አደርግ እንደነበረው ጭንቅላቷን በክንዶቿ ሸፈነች። ይህ ሕመም ነው ወይስ ጠባዬ? መፍትሔስ አለው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ጠባይዎ አይደለም፤ መፍትሔም አለው። የጻፉልኝን ሁሉ አምኜዎታለሁ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በልጅነታቸው ተበድለው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ከሕመማቸው ይልቅ «ማን ያምነኛል» የሚለው ሥጋት አፋቸውን ሲይዘው ስለማይ ነው።

አደጋ ሲመጣ በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል ማንቂያውን ይደውላል፤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞችም በደም ውስጥ ይረጫሉ፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመመከት ይሰናዳል። ይህ ሕይወት የሚያድን ሥርዓት ነው። አደጋው በየማታው የሚመላለስበት ሕፃን ግን አንጎሉ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ ከዱላው አስቀድሞ የሚሰማውን ድምፅ ራሱን እንደ ዱላ መዝግቦ ይይዘዋል። ስለዚህ ዛሬ መቀርቀሪያው ሲንቋቋ፣ አእምሮዎ «ባለቤቴ ነው» ብሎ ሳይጨርስ ሰውነትዎ የ7 ዓመቷን ልጅ ሆኖ ቀድሞ ይዘጋጃል። ትዝታን በጊዜና በቦታ የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍልም ለረጅም ጊዜ በቆየ ጭንቀት ሥራው ስለሚታወክ፣ ያለፈው ነገር እንዳለፈ ሆኖ ሳይሆን አሁን እንደሚፈጸም ሆኖ ይመጣል። እንቅልፍ ማጣትዎ ጥበቃውን ያልተወ ሰውነት ነው። በሰው መሀል የሚሰማዎ ባይተዋርነትም፣ አንድ ልጅ ሕመሙን ላለመስማት ስሜቱን ማደንዘዝ ከተማረ በኋላ ደስታውም አብሮ የመደንዘዙ ውጤት ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትና ከ9,500 በላይ ጎልማሶችን ያካተተው ጥናት፣ 4 እና ከዚያ በላይ ዓይነት የልጅነት መከራ ያሳለፉ ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለድባቴ፣ ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ እንዲሁም ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ተጋላጭነት ማለት ግን ዕጣ ፈንታ ማለት አይደለም፤ ብዙ የተበደሉ ልጆች ጤናማ ሆነው ያድጋሉ፤ ለዚህም ከሚረዱት ነገሮች ዋነኛው የሚያምናቸውና የሚጠጋቸው አንድ ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነው። እርስዎ ያጡት ይህን ነው። በእኛ አገር «ያሳደገ አይታማም» እየተባለ፣ ግርፋቱ ቅጣት፣ ዝምታው ደግሞ ጨዋነት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ልጁ ቁስሉንም ጥፋተኝነቱንም አንድ ላይ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይኖራል። ይህ ልማድ ስንት ሰው እንዳሳመመ በየዕለቱ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሰውነት ምርመራም ሊያዝልዎ ይገባል፤ የታይሮይድ (የእንቅርት) ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የልብ ምት መፍጠንንና እንቅልፍ ማጣትን ያመጣልና። ከዚያ በኋላ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፦ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እየተገናኙ፣ በእርስዎ ፍጥነት፣ ሰውነት ለመረጋጋት ከተለማመደ በኋላ ያን ትዝታ ቀስ በቀስ መንካት። በደሉ ለዓመታት የዘለቀ ከሆነ ሕክምናውም ረዘም ሊል ይችላል። ማንም ቢሆን በአንድ ቀን ሁሉን እንዲዘከዝኩ፣ ወይም ሰውየውን ፊት ለፊት እንዲጋፈጡ ሊያስገድድዎ አይገባም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት ከታዘዘልዎ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ተስፋ ቆርጠው አያቋርጡት። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን ይዘው ይሂዱ።

እስከዚያው ከባለቤትዎ ጋር አንድ ነገር ይስማሙ፦ በሩን ከመክፈቱ በፊት ከውጭ ስምዎን ይጥራ። መንቀጥቀጡ ሲጀምርም ሁለቱንም እግርዎን መሬት ላይ አጽንተው፣ በአፍንጫዎ 4 እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ 6 እየቆጠሩ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ለልጅዎ ደግሞ ዝቅ ብለው «እጄን ያነሣሁት ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይበሏት፤ የ5 ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ትረዳለች፤ እርስዎም በልጅነትዎ ይህን የሚልዎ ሰው ያስፈልግዎ ነበር። መኖር የሚያስጠላ ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ከየት እንደሚጀምሩ ካስጨነቀዎ፣ ለእኔ የጻፉትን ይህን ደብዳቤ ገልብጠው ይስጡት፤ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።