የመኪናዋ ባንዲራ የማን ናት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። በቀደም አንድ ጥቁር መርሴዲስ በፖሊስ ታጅቦ ሲያልፍ አየሁ። ከፊቱ ጥቁርና ቢጫ ትንሽ ባንዲራ ተሰክቶበታል። የጀርመን ባንዲራ ሦስት ቀለም አይደል እንዴ? ወይስ አምባሳደር ነው? እኔም አንዷን ገዝቼ መኪናዬ ላይ ብሰካ ችግር አለው?

መልስ፦ አምባሳደር እንኳ አይመስለኝም። ጥቁርና ቢጫ የራስህ ክልል የባደን-ቩርተምበርግ ቀለም ነው። ያየኸው የክልሉ ሚኒስትር ፕሬዚዳንት ወይም ሌላ ትልቅ ባለሥልጣን ሳይሆን አይቀርም። ጀርመን 16 ክልሎች አሏት፤ ሁሉም የየራሳቸው ባንዲራ አላቸው። 13ቱን የሚመራው ሚኒስትር ፕሬዚዳንት ነው። በርሊን፣ ሃምቡርግና ብሬመን ግን ክልልም ከተማም ስለሆኑ መሪያቸው ከንቲባ ይባላል። ለዓይን ካልክ ባቫሪያን የሚያህል የለም፤ በነጭና ሰማያዊ ዳይመንድ የተሞላ ነው፣ ቢያንስ 21 መሆን አለባቸው።

እኔ ታክሲ ስነዳ ከባንዲራው ይልቅ ታርጋውን ነበር የማየው። ባንዲራ ይነሳል፤ ታርጋ አይዋሽም። የናንተ ክልል መንግሥትና ምክር ቤት መኪኖች «ቢ ደብሊው ኤል» ይላሉ፣ የባቫሪያዎቹ «ቢ ዋይ ኤል»። የፌዴራሉ ፕሬዚዳንት ታርጋ 0-1፣ የመራሔ መንግሥቱ 0-2 ነው።

ልስካ ወይ ላልከው፣ ተራውን ባንዲራ እንደልብህ። በ2006 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ስንቱ መኪና ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማውን እያውለበለበ ነበር! የመንግሥት አርማ ያለበትን የሥራ ባንዲራ ግን ተወው። ያለፈቃድ መጠቀም ደንብ መተላለፍ ነው፣ ያስቀጣል። ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ብታየውም አትሸወድ።